ዳኛ በስህተት የሰጠውን ቴክኒካል ፋውል መመለስ ይችላል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ማርቆስም ባሕር ዳርም የቅርጫት ኳስ ሜዳ ላይ ፊሽካ ይዤ ስቆም ተጫዋቾች፣ ወላጆችና ጀማሪ ዳኞች ደጋግመው የሚጠይቁኝን ነው እዚህ የሰበሰብኩት፤ መልሱ በፊባ (በዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን) ሕግ ነው፣ ኤንቢኤ (የአሜሪካው የፕሮፌሽናል ሊግ) የሚለይበት ቦታ ላይ እናገራለሁ።

ቴክኒካል ፋውል ምንድነው?

ባጭሩ፣ ሰውነት ሳይነካካ የሚሠራ የሥነ ሥርዓት ጥፋት ነው። ዳኛን መሳደብ ወይም ማንጓጠጥ፣ ተጋጣሚን ማብሸቅ፣ ማስጠንቀቂያ አልሰማም ማለት፣ እጅን ዓይኑ ሥር እያወዛወዙ ሰው እንዳያይ መጋረድ፣ ሳይነኩ ተመታሁ ብሎ መውደቅ፣ ሆን ብሎ ጨዋታ ማጓተት፣ ቀለበቱ ላይ መንጠላጠል። የመጨረሻው ላይ ሁልጊዜ ክርክር አለ። ኳሱን ደፍቆ ለቅጽበት ቀለበቱን የያዘ ልጅ አላጠፋም። ሥሩ ሰው ቆሞበት፣ ላለመውደቅ ወይም ሰው ላለመጉዳት የያዘም አላጠፋም።

እግር ኳስ ለሚያውቅ ሰው ቢጫ ካርድን ማሰብ ይረዳል። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ቢጫ ካርድ ውጤት አይቀይርም፣ ቴክኒካል ግን ወዲያው ነጥብ ሊያስቆጥር ይችላል። ሰዉ «ይመለስልን» እያለ የሚጮኸውም ለዚህ ነው።

ቅጣቱ ስንት ነው? ሁለት ውርወራ አልነበረም እንዴ?

ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ፊባ ወደ አንድ አወረደው። አሁን አንድ ነጻ ውርወራ (ማንም ሳይከላከል ከመስመሩ ቆሞ ወደ ቅርጫቱ የሚወረወር) ነው፣ የሚወረውረውም የተጋጣሚው አሰልጣኝ የመረጠው ማንኛውም ተጫዋች ነው። ሳጥኑ ዙሪያ የሚሰለፍ ሰው የለም። ከውርወራው በኋላ ጨዋታው የሚቀጥለው ፊሽካ ሲነፋ ኳሱ በነበረበት ቦታ አቅራቢያ፣ ኳሱ የነበረው ወይም ይገባው የነበረው ቡድን ይዞ ነው። ብዙ ሰው ድሮ የተማረውን ይዞ «ሁለት ውርወራ፣ ከዚያ ኳስ» ይላል። ያ ቀርቷል። ይህን የማነሳው ለታሪክ ብዬ አይደለም፤ አሁንም በእኛ ሜዳዎች ከማያቸው ስህተቶች አንዱ ዳኛው ራሱ ሁለት ውርወራ መስጠቱ ነው፣ እሱ ደግሞ የሚታረም ስህተት ነው። ከታች እመለስበታለሁ።

የተጫዋች ቴክኒካል ከጨዋታ ከሚያስወጡት አምስት ፋውሎቹ አንዱ ሆኖ ይቆጠራል፣ በቡድን ፋውልም ይገባል። የአሰልጣኝና የቤንች (የተጠባባቂዎች ወንበር) ቴክኒካል ግን በቡድን ፋውል አይቆጠርም።

ዳኛው ፊሽካውን ከነፋ በኋላ «ተሳስቻለሁ» ብሎ ቴክኒካሉን ማንሳት ይችላል?

ይችላል። በተግባር ይደረጋል፣ መደረግም አለበት። ውርወራው ገና ካልተወረወረ ዳኞቹ ተገናኝተው ይነጋገራሉ፣ የነፋው ዳኛ ውሳኔውን ያነሳል፣ ጠረጴዛው ጋ ሄዶ ለመዝጋቢው በግልጽ ይናገራል፣ ለሁለቱም አሰልጣኞች ያስረዳል። ከዚያ ፊሽካው ሲነፋ ኳስ የያዘው ቡድን ከመስመር ውጭ ይዞ ይጀምራል።

አንድ ጊዜ ደብረ ማርቆስ ላይ በተማሪዎች ጨዋታ የሆነውን ልንገራችሁ። ሲሚንቶ ሜዳ ነው፣ መስመሩ ግማሹ ጠፍቶ በኖራ ተቀብቷል። እኔ ሁለተኛ ዳኛ ነበርኩ። አንድ ልጅ ኳስ አቀበለ፣ ጓደኛው ፊቱን አዙሮ ስለነበር ኳሱ አልፎት ወጣ። ልጁ እጁን ወደ ላይ ወርውሮ «አትሰማም እንዴ! ጆሮ የለህም?» አለ። የሥራ ባልደረባዬ በትክክል በመካከላቸው ቆሞ ነበር። ከሰከንዶች በፊት ደግሞ ያ ልጅ ፋውል ተሠራብኝ ብሎ ሲጮህ ፊሽካ አልነፋለትም። ስለዚህ ንግግሩ ለእሱ መሰለው። ፊሽካ፣ ሁለቱ እጆች ተጋጥመው ቲ ሆኑ። ልጁ ደንግጦ ቀረ፤ አፉን ከፍቶ ቆመ፣ አንድ ቃል አልወጣውም።

አምበሉ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቀስ ብሎ መጣ። «ጋሼ፣ ለእኔ ነው ያለኝ። ኳሱን ስላላየሁለት ነው» አለ። ሌላ ምንም አልጨመረም። ባልደረባዬ ወደ እኔ ዞረ። እኔም ከጀርባ መስመር ላይ ሆኜ ልጁ ወደ ማን እያየ እንደተናገረ አይቼ ነበር፣ ነገርኩት። አሥር ሰከንድ አልፈጀም። ጠረጴዛው ጋ ሄዶ «ቴክኒካሉ የለም፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» አለ። ሜዳው ዳር ጋቢ ደርበው የቆሙ አንድ አባት «እሰይ!» ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ድረስ ከሁለቱም ቡድን አንድም ሰው ያንን ዳኛ አልተጨቃጨቀውም።

«ለመመለስ» የመጨረሻው ሰዓት መቼ ነው?

ሁሉም ነገር እዚህ ላይ ነው፣ ስለዚህ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ዳኛው ያየውን ወይም የሰማውን በተሳሳተ መንገድ ተረድቶ ከሆነ፣ ማለትም የፍርድ ስህተት ከሆነ፣ የሚያነሳው ነጻ ውርወራው ከመወርወሩ በፊት ነው። ውርወራው ተወርውሮ ጨዋታው ከቀጠለ በኋላ «ሳስበው ልጁ አልሰደበኝም» ብሎ ወደ ኋላ መመለስ የለም። ፍርዱ ጸንቷል።

ዳኛው ሕጉን ራሱን በስህተት ከተገበረ ግን ሌላ በር አለ። ፊባ «የሚታረሙ ስህተቶች» የሚላቸው አራት ናቸው፤ የማይገባ ነጻ ውርወራ መስጠት፣ የሚገባ ነጻ ውርወራ መከልከል፣ ነጥብ በስህተት መስጠት ወይም መሰረዝ፣ ውርወራውን የማይገባው ተጫዋች እንዲወረውር መፍቀድ። እነዚህ የሚታረሙት ከስህተቱ በኋላ ሰዓቱ መሮጥ ከጀመረ በኋላ ኳሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቆም ነው፤ ከዚያ ኳሱ እንደገና በጨዋታ ላይ ከመዋሉ በፊት መታወቅ አለባቸው።

በምሳሌ እንየው። ዳኛው ለቴክኒካል አንድ መሆን ሲገባው ሁለት ውርወራ ሰጠ። ሁለቱም ገቡ። ኳሱ ከመስመር ውጭ ተጀመረ፣ ሰዓቱ ሮጠ፣ ሃያ ሰከንድ ተጫወቱ፣ ኳሱ ወጣ፣ ፊሽካ ተነፋ። አሁን መዝጋቢው ወይም ሌላው ዳኛ «ሁለተኛው ውርወራ አይገባም ነበር» ካለ ያቺ ነጥብ ትሰረዛለች። ዳኛው ግን ኳሱን ለሚያስገባው ተጫዋች ከሰጠው በኋላ ቢያስታውሱት በሩ ተዘግቷል። ልብ በሉ፣ ኳስ ቅርጫት ውስጥ ሲገባም ኳሱ እንደቆመ ይቆጠራል። ስለዚህ ያቺ የመጀመሪያዋ ዕድል አንዳንዴ ሰው ሳያስተውላት በሰከንዶች ታልፋለች።

የፍርድ ስህተትና የሕግ ስህተት እንዴት ይለያሉ?

የፍርድ ስህተት ዓይንና ጆሮ የሠሩት ነው። ሰደበኝ አልሰደበኝም፣ አስመስሎ ወደቀ አልወደቀም፣ ቀለበቱን ላለመውደቅ ያዘ ወይስ ለማሳየት። እዚህ ላይ የዳኛው እምነት ነው የሚወስነው።

የሕግ ስህተት ደግሞ የተፈጸመው ነገር ሁሉም የሚስማማበት ሆኖ ቅጣቱ ከሕጉ ጋር የማይገጥም ሲሆን ነው። ጥሩ ምሳሌ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ የዩኒቨርሲቲዎች ፍጻሜ የሚሺጋኑ ክሪስ ዌበር 11 ሰከንድ ሲቀረው ታይም አውት ጠየቀ፣ ቡድኑ ግን ታይም አውት ጨርሶ ነበር። ቴክኒካል ተሰጠበት፣ ኖርዝ ካሮላይና 77 ለ71 አሸነፈ። ያ በእነሱ ሕግ ትክክል ነበር። በፊባ ሕግ ግን ታይም አውት የሚጠይቀው ዋናው አሰልጣኝ ወይም የመጀመሪያው ረዳት ነው፣ የሚጠየቀውም ጠረጴዛው ጋ ነው። ተጫዋች ሜዳ ላይ እጁን ቲ አድርጎ ቢያሳይ ጥያቄው ዝም ተብሎ ይታለፋል። ስለዚህ እዚህ እኛ ጋ አንድ ዳኛ ያንን ታሪክ በቴሌቪዥን አይቶ «ታይም አውት የላችሁም፣ ቴክኒካል!» ቢል የማይገባ ነጻ ውርወራ ሰጠ ማለት ነው። የሚታረመውም በዚያው መንገድ ነው።

ቴክኒካሉ ትክክል ሆኖ ቁጥሩ ከተሳሳተስ?

ይህ ከሁሉም ይቀላል፣ ግን ከሁሉም በላይ ሰው ያስለቅሳል። ጥፋቱን 14 ቁጥር ሠርቶ 4 ቁጥር ላይ ከተጻፈ የመዝገብ ስህተት ነው። ነጥብ፣ የፋውል ብዛት፣ የታይም አውት ብዛት ላይ የሚፈጠር የመዝጋቢ ስህተት ዋናው ዳኛ ቅጹን እስኪፈርም ድረስ በማንኛውም ጊዜ ይታረማል። የመጀመሪያው ፊሽካ፣ ሁለተኛው ፊሽካ የሚል ገደብ የለበትም።

ባሕር ዳር ላይ ከሰዓት በኋላ ከጣና የሚመጣውን ነፋስ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። የውጤት ቅጹን በድንጋይ ጭነን ነው የምንጽፈው። አንድ ቀን መዝጋቢ ሆኜ ወረቀቱ ሊበር ሲል በክርኔ ያዝኩት፣ በዚያው ቅጽበት ዳኛው ቁጥር እያሳየ ነበር፣ እኔ ያየሁት የመጨረሻውን አራት ብቻ ነው። ጻፍኩት። አራተኛው ሩብ ላይ 4 ቁጥር አምስተኛ ፋውል ሞላ ብዬ አስታወቅሁ። ልጁ «እኔ ቴክኒካል ተሰጥቶኝ አያውቅም» ብሎ ማለ። ዳኛውን ጠየቅነው፣ «ቴክኒካሉ የ14 ነው» አለ። አስተካከልነው፣ ልጁ ተመለሰ። ያ ቀን እስካሁን ያመኛል። ከዚያ ወዲህ ዳኛው ቁጥር ሲያሳየኝ ጮክ ብዬ መልሼ እናገራለሁ፣ እሱም አውራ ጣቱን እስኪያሳየኝ አልጽፍም።

መዝጋቢው ስህተቱን ያየው ኳስ እየተጫወቱ እያለ ቢሆን ወዲያው ማስቆም አለበት?

የለበትም። ኳሱ እስኪቆም ይጠብቃል፣ ከዚያ ድምፅ ያሰማል። አንድ ቡድን ሮጦ ሊያስቆጥር ሲል ጠረጴዛው ጡሩምባ ቢነፋ አንድ ስህተት ለማረም ሌላ ስህተት መሥራት ነው። ግን በእጃችሁ ላይ ወይም በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ሰዓቱን ጻፉት። ኳሱ እንደቆመ አትዘግዩ።

አንዱ ዳኛ የሌላውን ቴክኒካል መሻር ይችላል?

አይችልም። ማንኛውም ዳኛ ሌላው በሥልጣኑ የወሰነውን የመሻር መብት የለውም። የሚችለው መረጃ መስጠት ነው፤ «ከእኔ አቅጣጫ እንዲህ አየሁ» ይላል፣ የነፋው ራሱ ያነሳዋል ወይም ያጸናዋል። ሁለቱ ካልተስማሙ ዋናው ዳኛ የመጨረሻውን ቃል ይሰጣል፣ ከዚያ በፊትም ጠረጴዛውንና የጨዋታውን ታዛቢ ኮሚሽነር ማማከር ይችላል።

ጀማሪ ዳኞች እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ጥፋት ያጠፋሉ። አንዳንዱ ከሩቅ ሆኖ እጁን እያወዛወዘ «የለም፣ የለም» ይላል፤ ባልደረባውን ሕዝብ ፊት ያዋርዳል፣ ያኛውም በእልህ ይጸናል። ሌላው ደግሞ ስህተቱን በዓይኑ አይቶ «የእሱ ጉዳይ ነው» ብሎ ዝም ይላል። ሁለተኛው ይብሳል። ሄዳችሁ በጆሮው ንገሩት። ጀርባችሁን ለቤንቹ ስጡ፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፣ ያያችሁትን ብቻ ተናገሩ።

በስልኬ ቀርጬዋለሁ፣ ዳኛው ለምን አያይልኝም?

ምክንያቱም ሕጉ አይፈቅድለትም። በምስል መመልከቻ የሚዳኘው ዕቃው በሜዳው ተዘጋጅቶ ዋናው ዳኛ ከጨዋታው በፊት ሲያጸድቀው ብቻ ነው። ጎጃም ውስጥ በምንጫወትባቸው የትምህርት ቤት ሜዳዎች እንዲህ ያለ ነገር የለም። የተመልካች ስልክ በእግር ኳሱ ቪኤአር ቦታ አይተካም። ደግሞም አስቡት፣ የሚቀርጸው ሰው የአንዱ ቡድን ደጋፊ ነው፣ የእሱ ቡድን ያጠፋውን ሊያሳይ አይመጣም።

መመልከቻው ባለበት ውድድር እንኳን ዳኛው እንደፈለገ አያይም። የሚታዩት ጉዳዮች በዝርዝር ተቀምጠዋል። ለምሳሌ ፋውሉን የሠራው ተጫዋች ማን እንደሆነ መለየት ይቻላል፣ የግል ፋውል (ተራ የንክኪ ጥፋት) ወይም ኢ-ስፖርታዊ ፋውል (ከጨዋታው መንፈስ የወጣ ንክኪ) ተብሎ የተነፋው በእርግጥ ቴክኒካል መሆን እንዳለበትም ማየት ይቻላል። «ምን አለ?» የሚለውን ግን ምስል አይመልስም። ብዙው ቴክኒካል ደግሞ ከአፍ የወጣ ነገር ነው።

አሰልጣኝ «ቻሌንጅ» ብሎ ማስመለስ አይችልም?

ፊባ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ለዋና አሰልጣኝ በጨዋታ አንድ ጊዜ ምስል እንዲታይ የመጠየቅ መብት ሰጥቷል፣ ግን መመልከቻው ባለበት ብቻ ነው፣ እነዚያው የተዘረዘሩት ጉዳዮች ላይ ብቻ። በኤንቢኤም አሰልጣኝ ቻሌንጅ የሚያደርገው የግል ፋውል፣ ኳስ የወጣበትን እና ቀለበት ላይ የተነካ ኳስን ነው። ቴክኒካል አይካተትም።

ታዲያ ተጫዋቹና ቡድኑ ምን ማድረግ ይችላሉ?

አምበሉ ይናገር፣ ሌላው ዝም ይበል። ሕጉ አምበሉን ኳስ ቆሞ፣ ሰዓትም ቆሞ እያለ በጨዋ ደንብ ዳኛውን እንዲያነጋግር ይፈቅድለታል። አባቶቻችን «በሕግ አምላክ!» ሲባሉ የሚሮጠው ይቆም ነበር፣ የተጣላው እጁን ይሰበስብ ነበር ይባላል። ጉልበት የነበረው ቃሉ ውስጥ ነው። አምበልም እንደዚያ ነው፤ አንድ ሰው፣ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ በሰዓቱ። አምስት ልጅ ዳኛውን ከቦ እየጮኸ ያ ዳኛ ሐሳቡን ቢቀይር በጩኸት ተገዛ ይባላል፣ ስለዚህ ልክ ብትሆኑም አይቀይርም።

ምን ልበለው ለምትሉ፣ መረጃ ስጡት። «አልሰደበህም» አትበሉት፣ እሱ ሰማሁ ብሏል። «ለእኔ ነው የተናገረው»፣ «ቁጥሩ 9 ነው፣ 6 አይደለም»፣ «ሥሩ ሰው ስለነበር ነው ቀለበቱን የያዘው» በሉት። ይህ ዳኛውን ሳያሳፍር መውጫ ይሰጠዋል። ከሁሉም በፊት ደግሞ ቴክኒካል የተሰጠበትን ልጅ አቅፋችሁ ከዚያ አርቁት፤ ልጅነት ነው፣ ሁለተኛውን በራሱ አፍ ያመጣዋል።

በሁለት ቴክኒካል ተባረርኩ፣ አንዱ ስህተት ነበር። መመለስ እችላለሁ?

በፊባ ሁለት ቴክኒካል፣ ወይም ሁለት ኢ-ስፖርታዊ፣ ወይም ከሁለቱም አንድ አንድ የተሰጠበት ተጫዋች ከጨዋታው ይወጣል። አሰልጣኝም በራሱ ባሕርይ ሁለት ቴክኒካል ከተሰጠበት ይወጣል። ጥያቄው ስህተቱ የቱ ነው የሚለው ነው። አንደኛው ቴክኒካል የሌላ ሰው ሆኖ በአንተ ስም ከተጻፈ መዝገቡ ይታረማል፣ አንተም ሁለት ስለሌለህ የምትባረርበት ምክንያት የለም። ዳኛው ግን አንተን አይቶ፣ አንተን ሰምቶ፣ በግምቱ ተሳስቶ የሰጠህ ከሆነና ጨዋታው ከቀጠለ፣ አትመለስም። ያማል፣ አውቃለሁ።

ከኤንቢኤ የታወቀ ምሳሌ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2007 የሳን አንቶኒዮው ቲም ዳንካን በዳላሱ ጨዋታ ቤንች ላይ ተቀምጦ በመሳቁ ዳኛው ጆይ ክራውፎርድ ሁለተኛ ቴክኒካል ሰጥቶ አስወጣው። ሊጉ ክራውፎርድን እስከ ውድድር ዘመኑ መጨረሻ ከዳኝነት አገደው፣ ዳንካንም 25,000 ዶላር ተቀጣ። ያ ሁሉ የመጣው ግን ከጨዋታው በኋላ ነው። ዳንካን በዚያ ቀን ወደ ሜዳ አልተመለሰም።

ኤንቢኤ ላይ «ቴክኒካሉ ተሰረዘለት» ሲባል የምንሰማውስ?

እሱ ሌላ ነገር ነው። የሚሰርዘው የሜዳው ዳኛ አይደለም፣ የሊጉ ጽሕፈት ቤት ነው፣ የሚሰርዘውም ጨዋታው ካለቀ በኋላ ምስሉን አይቶ ነው። ተጫዋቹ የገንዘብ ቅጣቱ ይነሳለታል፣ ከዓመቱ ቁጥሩም ይቀነስለታል። በውርወራ የተቆጠረችው ነጥብ ግን አትነካም፣ ውጤቱም አይቀየርም።

ቁጥሩ ለምን ያስጨንቃቸዋል? በመደበኛው ውድድር 16 ቴክኒካል የሞላበት ተጫዋች አንድ ጨዋታ ይታገዳል፣ ከዚያ በየሁለቱ አንድ ጨዋታ ይጨመርበታል። የዳላሱ ሉካ ዶንቺች እ.ኤ.አ. መጋቢት 26 ቀን 2023 ከሻርሎት ጋር ሲጫወቱ 16ኛው ተሰጠበት፣ በማግስቱ ሊጉ ሰረዘለት፣ ሳይታገድ ቀጠለ። ዳላስ የተሸነፈው ጨዋታ ግን እንደተሸነፈ ቀረ። በነገራችን ላይ በአንድ ዓመት ብዙ ቴክኒካል የተሰጠበት ራሺድ ዋላስ ነው፣ በ2000–01 ውድድር ዘመን 41።

እኛ ጋ እንዲህ የሚመረምር ጽሕፈት ቤት ከየጨዋታው ጀርባ የለም። ለዚህ ነው ሜዳ ላይ ያሉት አሥር ሰከንዶች ለእኛ ከእነሱ ይልቅ የሚከብዱት።

ዳኛው መሳሳቱን ካወቀ ለሌላው ቡድን ቴክኒካል ሰጥቶ ቢያካክስ ምን አለበት?

በፍጹም። ይህን ጥያቄ ከልባቸው የሚጠይቁኝ ጥሩ ዳኞች አሉ፣ ሐሳባቸው ፍትሕ ነው። ግን አስቡት። መጀመሪያ አንድ ልጅ ያለጥፋቱ ተቀጣ። አሁን ሌላ ልጅ ያለጥፋቱ ሊቀጣ ነው። የመጀመሪያው ልጅ ፋውል አልተነሳለትም፣ ሁለተኛው ደግሞ ሊባረር አንድ ቀረው። የተስተካከለው የዳኛው ሕሊና ብቻ ነው። ሜዳው ደግሞ ወዲያው ያውቃል፤ ከዚያ በኋላ ትክክለኛውን ስትነፋም «ማካካሻ ነው» ይሉሃል።

ጊዜው ካለፈ ለአምበሉና ለአሰልጣኙ «ያኛውን ተሳስቻለሁ፣ አሁን መመለስ አልችልም» በላቸው። ብዙ ዳኛ ይህን መናገር ይፈራል። እኔ ብዬዋለሁ፣ አንድም አሰልጣኝ በዚህ ምክንያት ተነስቶብኝ አያውቅም።

ቡድናችን በስህተት ቴክኒካል ምክንያት በአንድ ነጥብ ተሸነፈ። መክሰስ እንችላለን?

በፍርዱ ላይ አትችሉም። ፊባ ተቃውሞ የሚቀበለው በመዝገብ፣ በሰዓት ወይም በ24 ሰከንዱ የማጥቂያ ሰዓት አሠራር ላይ ሳይታረም በቀረ ስህተት፣ ጨዋታን በፎርፌ በመወሰን ወይም በመሰረዝና ባለማስቀጠል ውሳኔ፣ እንዲሁም በተጫዋች ተገቢነት ጉዳይ ነው። «ቴክኒካሉ አይገባም ነበር» የሚለው እዚያ ውስጥ የለም።

ስህተቱ የመዝገብ ከሆነ ግን ፍጠኑ። አምበሉ ጨዋታው ባለቀ በ15 ደቂቃ ውስጥ ለዋናው ዳኛ አሳውቆ በቅጹ ላይ ለተቃውሞ በተዘጋጀው ቦታ መፈረም አለበት፣ ምክንያቱ ደግሞ በአንድ ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ ይቀርባል። ስንቱ ቡድን ሲያለቅስና ሲጨቃጨቅ 15 ደቂቃው ያልፍበታል።

የመዝገብ ስህተት ምን ያህል ሊሄድ እንደሚችል ለማየት እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 19 ቀን 2007 አትላንታ ከማያሚ የተጫወቱትን ውሰዱ። በተጨማሪ ሰዓት የማያሚው ሻኪል ኦኒል ስድስተኛ ፋውል ሞላ ተብሎ ወጣ (በኤንቢኤ የሚያስወጣው ስድስተኛው ነው)፣ የነበረው ግን አምስት ነው፣ የአትላንታ መዝጋቢዎች ተሳስተው ነበር። ኤንቢኤ የመጨረሻዎቹ 51.9 ሰከንዶች እንደገና እንዲደረጉ አዘዘ፣ አትላንታንም 50,000 ዶላር ቀጣ። መጋቢት 8 ቀን 2008 ደገሙት፣ ማንም አላስቆጠረም፣ አትላንታ 114 ለ111 አሸነፈ። ኦኒል በዚያ ጊዜ ወደ ፊኒክስ ሄዶ ስለነበር የተደገመው ጨዋታ ውስጥ አልነበረም። እንዲህ የተደከመለት የቁጥር ስህተት ስለነበረ ነው። ለዳኛ ግምት ማንም ጨዋታ አይደግምም።

ጨዋታው አልቆ ቅጹ ሳይፈረም ዳኛው ቴክኒካል ማንሳት ወይም መስጠት ይችላል?

ሰዓቱ ካለቀና ዳኞቹ ማለቁን ካጸደቁ በኋላ አዲስ ቴክኒካል የለም፣ የፍርድ ቴክኒካልም አይነሳም። ከዚያ በኋላ አንድ ተጫዋች ቢሳደብ ዋናው ዳኛ ከመፈረሙ በፊት በቅጹ ጀርባ ይጽፈዋል፣ ለአዘጋጁም ሪፖርት ያደርጋል፣ ቅጣቱ የአዘጋጁ ነው። በዚህ ሰዓት ሊታረም የሚችለው የመዝገብ ስህተት ብቻ ነው፣ እሱም ፊርማው እስኪያርፍ። ዋናው ዳኛ ከፈረመ በኋላ ዳኞቹ ከዚያ ጨዋታ ጋር ያላቸው ግንኙነት አበቃ።

ስለዚህ እኔ ቶሎ አልፈርምም። ሰዉ ሜዳውን እየለቀቀ፣ ልጆቹ ጃኬታቸውን እየፈለጉ፣ ሁለቱን አምበሎች ጠረጴዛው ጋ እጠራለሁ። ቲ የተጻፈበትን እያንዳንዱን መስመር በጣቴ እያሳየሁ፣ ቁጥሩንና ሩቡን ጮክ ብዬ አነባለሁ። «ልክ ነው?» እላቸዋለሁ። ሁለቱም «አዎ ጋሼ» ሲሉ እስክሪብቶውን አነሳለሁ።